ሰባተኛው ጥያቄ

ታንጉት አትረሳም። ይህን የማያውቅ የቦንጋ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወይ እስካሁን አስቀይሟት አያውቅም። በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ አሥራ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ አንድ ደብዳቤ ጠፍቶባት አያውቅም። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፤ «የዛሬ ስድስት ዓመት ለወረዳው የጻፍነው» ሲሏት ወንበር ላይ ትወጣና ከላይኛው መደርደሪያ አውርዳ፣ አቧራውን አራግፋ ትሰጣለች። ወጪ ቁጥሩንም ሳታይ ትነግራቸዋለች።

በደልንም የምትይዘው እንደ ደብዳቤ ነው፤ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የተባለውም ቃል እንዳለ ተጽፏል። ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ አረንጓዴ ማህደር ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ዘርትሁን» ይላል። የንስሐ አባቷ አባ ወልደሥላሴ ስለዚህ ማህደር ሰምተው «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው። በቀል የእግዚአብሔር ነው፤ ለእሱ ተዪለት» ቢሏት፣ «እሱ ሥራ ይበዛበታል አባቴ፤ ላግዘው ብዬ ነው» አለቻቸው። አባ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷ አልሳቀችም።

ማህደሩ የተከፈተበት ምክንያት ይህ ነው። ታንጉትና ባሏ ወንድማገኝ እትዬ ዘርትሁን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እትዬ ዘርትሁን (ለዕድሜያቸው ሲባል በአንቱታ እንቀጥል) የሰፈሩ እድር የሴቶች ተጠሪ፣ ቃላቸው የሚሰማ፣ ሰርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው የማይደምቅ ሴት ናቸው። የታንጉት ልጅ ሚስጥር ሦስት ዓመት ሲሞላት ጅማ ድረስ ተወስዳ ኦቲዝም እንዳለባት ተነገራቸው። አትናገርም፤ ስትደሰት ታዜማለች፣ የለስላሳ ቆርኪ በመስመር ትደረድራለች። ይህ ሁሉ ለታንጉት ከባድ አልነበረም። ከባዱ ሌሊቱ ነበር። ሚስጥር እስከ ስምንት ሰዓት ዓይኗን አትከድንም፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ተነስታ የቆርቆሮውን ግድግዳ በእጇ እየደበደበች ትጮኻለች።

እትዬ ዘርትሁን ልጅቷን ይወዷት ነበር፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትልቁ ቤት ቡና ሲፈላ «ሚስጥርዬ! ነይ ቡናሽን ጠጪ!» ብለው ይጠሯታል። ጠርዟ የተሸረፈ ሰማያዊ ሲኒ ነበረቻት። ሚስጥር በስሟ ሲጠሯት ዞር የማትለው ልጅ፣ ለዚያ ጥሪ ብቻ ሮጣ ትሄዳለች፤ ሲኒዋን ራሷ ከመደርደሪያው አንስታ በሁለት እጇ ትዘረጋላቸዋለች። እሳቸውም ይቀዱላታል። ለልጅ ቡና መስጠት በዚያ ግቢ ውኃ እንደ መስጠት ነበር። ቡና በበቀለበት አገር ቡናን ማን ይቆጥረዋል?

ነሐሴ 11 ቀን 2012፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ፍልሰታ አልተፈታም ነበር፤ ጾመኛዋ እትዬ ዘርትሁን ሌሊቱን በሚስጥር ጩኸት እንቅልፍ አጥተው አድረው ነበርና የግቢው በር ላይ ቆመው፣ ጎረቤት በአጥር እያየ፣ እንዲህ አሉ፦ «የእናት ጉድ ነው በልጅ አፍ የሚጮኸው! ጉድሽን ይዘሽ ውጪልኝ!» ፍራሹ ዝናብ ላይ ወጣ። ታንጉት በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው ብርድ ልብሱን ይዛ ወጣች።

ፍራሽ ይደርቃል፤ ቃል ግን አይደርቅም። ያ ቃል ከታንጉት ቀድሞ ሰፈር ለሰፈር ደረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ቀየረች። አከራዮቹ ሚስጥርን ሲያዩ «አሃ፣ ያቺ ናት እንዴ?» ይላሉ። ወንድማገኝም አንድ ቀን እየሳቀ «ለመሆኑ ምን ጉድ ነው የሠራሽው?» አላት። በሌላ ቀን ሳይስቅ ጠየቃት። ከዚያ ለሥራ ወደ ደካ ተዛወረ፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ ይመጣ ነበር፤ በኋላ መምጣቱን ተወው። እትዬ ዘርትሁን ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኟት «ታንጉትዬ፣ ደህና ነሽ ወይ? ጠፋሽ እኮ!» ይሏታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይህ ነው። ታንጉት እግዜር ይመስገን ትልና ቤቷ ስትገባ ይቺንም ሰላምታ ከነቀኗ ትጽፋታለች።

ሚስጥር ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው ስልኩ የመጣው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ወላጆቻቸውን በስልክ እየደወለ ያግዛል ተባለ። ታንጉት ተመዘገበች። በየሐሙሱ ሲስተር ህይወት የምትባል፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነርስ ትደውልላታለች። የመጀመሪያው የቤት ሥራ የእንቅልፍ ደብተር ነበር፤ ልጅቷ ስንት ሰዓት ተኛች፣ ስንት ሰዓት ነቃች፣ ምን በላች፣ ምን ጠጣች፣ ምን ድምፅ ነበር። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህ ምን አላት! ታንጉት በማስመሪያ አስምራ፣ ገጹን ቁጥር ሰጥታ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ስትልክ ሲስተር ህይወት «እንዲህ ያለ ደብተር አይቼ አላውቅም» አለቻት።

ስድስት ሳምንት ሠሩ። ራት፣ መታጠብ፣ የሌሊት ልብስ፣ መብራት ማጥፋት፤ አራቱም በሥዕል ተደርገው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። የቴሌቪዥን ድምፅ ጠፋ፣ አምፖሉ በደብዛዛ ተለወጠ። ሚስጥር ሥዕሎቹን ወደደቻቸው፤ በየተራ በጣቷ ትነካቸዋለች። እንቅልፉ ግን ጥቂት ብቻ ነው የተሻሻለው። በሰባተኛው ሐሙስ እያወሩ ሳለ ከበስተኋላ ሚስጥር ትጮህ ጀመር።

«ምን ሆና ነው?» አለች ሲስተር ህይወት።

«ቡናዋ ዘግይቶባት ነው።»

«የምን ቡና?»

«ቡና ነዋ! የማታዋ።»

«ታንጉት፣ ደብተርሽ ላይ እኮ 'ከራት በኋላ ምንም አልጠጣችም' ነው የሚለው። አርባ ሁለት ቀን ሙሉ።»

«ምንም አልጠጣችማ! ቡና ብቻ ነው።»

ሲስተር ህይወት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያ አስረዳቻት። ኦቲዝሙን ቡናው አላመጣውም፤ እንቅልፏን ግን እየነጠቃት ነው። በአንድ ጊዜም አይከለከልም፣ ልጅቷ በልማዷ ነው የምትኖረው። ሲኒው ይቀመጥ፣ ሰዓቱ ይቀመጥ፣ ውስጡ ያለው ብቻ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሙቅ ወተት ይለወጥ። በሁለተኛው ቀን ሚስጥር ፊቷን አጨማዳ ተፋችው። በአሥረኛው ቀን ዝም ብላ ጠጣች። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ሰዓት ላይ ተኝታ ጎህ ሲቀድ ተነሳች።

የዚያን ሌሊት ያልተኛችው ታንጉት ናት። በንዴት ተቀምጣ አደረች። ልጄን ቡና ያስለመዳት ማን ነው? እንቅልፍ የነሳችን ሴት ናት «እንቅልፍ ነሳችሁኝ» ብላ ዝናብ ላይ የጣለችን! ማህደሩን አውጥታ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ከዚያ ግቢ ከወጡ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ልጇ እንዳትጮህ ብላ፣ በራሷ እጅ ስትቀዳላት እንደኖረች ግን አልጻፈችም። ያስለመደው ማን ሆነና!

ልጃቸው የተሻላት እናቶች በተራቸው ለሌሎች እናቶች ይደውሉ የሚል ሐሳብ ሲመጣ ሲስተር ህይወት መጀመሪያ ያሰበችው ታንጉትን ነው። ካፊኖኖም አማርኛም ትናገራለች፣ የአገሩን አመል ታውቃለች። ደዋይዋ ስሟን አትናገርም፤ «የሐሙስ እናት» ብቻ ነች። አሥር ጥያቄ የያዘ ቅጽ አለ። ሰባተኛው በታንጉት ምክንያት የተጨመረ ነው፦ «ማታ ምን ይጠጣል? ቡናን ጨምሮ።» ቢሮው ውስጥ የታንጉት ጥያቄ ይሉታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአሥራ አንድ እናት ደወለች፤ አራቱ በዚያች በሰባተኛዋ ጥያቄ ብቻ እፎይ ብለዋል።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አዲስ ስም ተላከላት። እናት፦ አብርሆት። ልጅ፦ ሚሊዮን፣ አራት ዓመቱ። ትውልዷ ዋጫ፣ ተድራ የመጣች፣ ከባሏ እናት ጋር የምትኖር። ታንጉት ከሥራ ወጥታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ደጃፏ ወጥታ ደወለች። አብርሆት በአማርኛ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታ ወደ ካፊኖኖ ዞረች፤ የደከመ ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያለቅሰው። ስንት ሰዓት ይተኛል? ዘጠኝ ሰዓት። ማን ጋ? እኔ ጋ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ እስከ ስድስተኛው ያለው ጥያቄ አለቀ። ታንጉት ሰባተኛውን ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ከስልኩ ወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ሚሊዮንዬ! ና ቡናህን ጠጣ!»

ታንጉት እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። ዜማው ሳይቀር ያው ነው፤ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። ኮቴም ሰማች፣ የልጅ ሩጫ።

«እህቴ፣ አለሽ?» አለች አብርሆት።

«አለሁ» አለች ታንጉት። «ስምንተኛውን ልጠይቅሽ።»

በቅጹ ላይ፣ በሰባተኛው መስመር «ምንም» ብላ ጻፈች። በአሥራ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ የሐሰት ቃል ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ማታ ግን ራቷን በደንብ በላች። ጊዜ ለኩሉ! እትዬ ዘርትሁን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የልጅ ጩኸት እየሰሙ ያድራሉ፤ ጩኸቱን ደግሞ በገዛ እጃቸው ይቀዱታል። ለዚህ በቀል ታንጉት ጣቷን እንኳ አላነሳችም፤ አንድ ጥያቄ መዝለል ብቻ ነበር ሥራዋ።

በሁለተኛው ሐሙስ ሁሉንም በትክክል መከረቻት። አምፖሉን፣ ሥዕሎቹን፣ ሰዓቱን። ከዚያ እንደ ዘበት «የባልሽ እናትስ እንዴት ናቸው?» አለች።

«ኧረ እሳቸውም አልተኙም። ዓይናቸው አብጧል።»

«አይዟቸው በያቸው» አለች ታንጉት፤ ቃሏ አፏ ውስጥ ጣፈጣት። በሦስተኛው ሐሙስ እትዬ ዘርትሁን ከእንቅልፍ ማጣት የተነሳ እድር ስብሰባ ላይ ማንቀላፋታቸውን ሰማች። ይህን በማህደሩ ውስጥ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረች። አብርሆት ድምፅዋ እየሰለለ መሄዱንም ሰምታለች፤ መስማት እንዴት ይቀራል! ግን ሌላ አንድ ሳምንት ሰው አይገድልም፣ እኔ ስንት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ አለች በልቧ።

በአራተኛው ሐሙስ አብርሆት ገና «ሄሎ» ስትል ታንጉት ነገር እንዳለ ገባት።

«እህቴ፣ ደብተሩ ከእንግዲህ ይቅር። ቅዳሜ ወደ ዋጫ፣ ወደ አባቴ ቤት ልሄድ ነው።»

«ምነው?»

«ውጪ ተባልኩ። ባሌ መሬት መሬት ያያል እንጂ አይናገርም።» ትንፋሽ ወሰደች። «'የእናት ጉድ ነው በልጅ አፍ የሚጮኸው' አሉኝ። በሰው ፊት። እኔ ምን ጉድ አለብኝ? ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሳስብ አደርኩ፤ ያደረግሁት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ።»

ታንጉት ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። ያ ቃል፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል። እሷም ያኔ እንዲሁ አስባ ነበር፤ ያደረግሁት ነገር ይኖር ይሆን ብላ። የሰባተኛውን ጥያቄ መልስ እዚያው ልትነግራት ትችል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን የአምስት ዓመት ቂም በስልክ ተነግሮ እንዲቀር አልፈቀደችም፤ ፊት ለፊት፣ በሰው ፊት፣ በተሰደበችበት ግቢ ነው የምትፈልገው። «እስከ ነገ ማታ ጠብቂ፣ ዕቃሽን አትሸክፊ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ሚሊዮን ያን ሌሊትም ጮኸ።

ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ፣ ሚስጥርን በእጇ ይዛ የእትዬ ዘርትሁንን በር ገፋች። ሰዓቱን አስልታ ነው የመጣችው። ትልቁ ቤት ውስጥ እትዬ ዘርትሁን ጀበናውን ይዘዋል፤ ያኔ በአጥር ያዩ የነበሩት ሁለቱ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል፤ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ወጣት ልጇን አቅፋለች።

«ውይ፣ ታንጉትዬ! ምን እግር ጣለሽ?» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

ታንጉት ልትናገር ብዙ አዘጋጅታ ነበር። ሚስጥር ግን ቀደመቻት። እጇን ከእናቷ እጅ አላቀቀች፤ ማንንም ሳታይ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ ከሌሎቹ ሲኒዎች ጀርባ እጇን ሰዳ ጠርዟ የተሸረፈችውን ሰማያዊ ሲኒ አወጣች። መጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

እትዬ ዘርትሁን «ሚስጥርዬ! እንዲህ አደግሽ!» አሉና፣ ልማድ ነውና፣ ቀዱላት።

ታንጉት ሲኒዋን ከልጇ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና ረከቦቱ መሐል አስቀመጠቻት።

«ነሐሴ 11 ቀን 2012፣ ሰኞ ጠዋት፣ በዚያ በር ላይ 'የእናት ጉድ ነው በልጅ አፍ የሚጮኸው' አሉኝ። እነዚህም ሰምተዋል።» ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። «ጉዱ ይኸውልዎት፣ እትዬ ዘርትሁን። ሲኒ ውስጥ ነው። ማታ ማታ በእጅዎ ይቀዱላት የነበረው ቡና ነው እንቅልፍ የነሳት። ከተውኩት ወዲህ ልጄ ሦስት ሰዓት ላይ ትተኛለች። ዛሬም ለልጅ ልጅዎ እየቀዱ እናቱን ሊያባርሩ ነው።»

«ቡና?» እትዬ ዘርትሁን ዙሪያቸውን አዩ። «ቡና ደግሞ ምን ያደርጋል? እኔን ያሳደገኝ ቡና አይደለም ወይ?»

«እርስዎን አሳደገ፤ ልጄን ዝናብ ላይ አስወጣ።»

እትዬ ዘርትሁን ሰማያዊዋን ሲኒ ብዙ አዩአት፤ ቀጥሎ አጠገባቸው ለሚሊዮን የተቀዳችውን ትንሽ ሲኒ። እጃቸውን ዘርግተው የልጁን ሲኒ ወለሉ ላይ ደፉት። ጎረቤቶቹ ሁለቱም እሳት ላይ የተዉት ነገር ትዝ አላቸውና ተያይዘው ወጡ፤ ነገ ጠዋት ወሬው ገበያ ይደርሳል። ታንጉት ለዚህች ቀን አምስት ዓመት ጠብቃለች፤ ጣፋጭነቷም አልቀነሰባትም። ውሸት አያስፈልግም፣ ደስ አላት።

«ድምፅሽ...» አለች ጥጉ ላይ ያለችው ወጣት። ተነስታ ቀረበች። «የሐሙስ እናት ነሽ?»

«ነኝ» አለች ታንጉት። ፈገግ አለችላት፤ ምስጋና ይመጣል ብላ።

አብርሆት ግን አላመሰገነችም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሚሊዮን ትከሻዋ ላይ ቆርኪ እያሻሸ ነው።

«ቡናው መሆኑን መቼ አወቅሽው?»

ታንጉት ሰው «መቼ» ብሎ ሲጠይቃት መልስ አጥታ አታውቅም። ቀኑን ታውቃለች፣ ሰዓቱን ታውቃለች፣ እስክሪብቶዋ የወደቀበትን ቦታ ሳይቀር። ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ከዚህ በፊት አንዴ ዋሽታለች፣ ሁለተኛው ይቀላል። ግን ልጅቷ እያየቻት ነው፤ ታንጉት በዚያ በር ስትወጣ የነበራት ፊት ነው ያላት።

«የመጀመሪያው ሐሙስ ዕለት» አለች። «ሲጠሩት ሰማሁ።»

አብርሆት ልጇን አስቀመጠች። ከዕቃዋ መሐል ደብተሯን አወጣች፤ እንዳስተማረቻት በማስመሪያ የተሰመረ፣ ገጹ ቁጥር ያለው። በጣቷ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረች ወረደች፤ ትናንት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሃያ ሁለት ሌሊት» አለች። አልጮኸችም። «የአንቺ ልጅ ሦስት ሰዓት ላይ ስትተኛ።»

ታንጉት በሕይወቷ ሙሉ ሰነድ ሲወጣባት የመጀመሪያዋ ነው። ሚስጥር ባዶውን የልጁን ሲኒ ከወለሉ አንስታ ከሰማያዊዋ ጎን አስተካክላ ደረደረችው።

«ደዋይ ስሟን አትናገርም ብለውኝ ነበር» አለች አብርሆት፣ እስክሪብቶዋን እየከፈተች። «ስምሽን ንገሪኝ።»

ታንጉት ስሟን ነገረቻት። አብርሆት ከሃያ ሁለተኛው ሌሊት ግርጌ፣ ቀኑን ጽፋ፣ ከጎኑ «ታንጉት» ብላ መዘገበችው።